ሁለቱ ተሰናባቾችና የሞያሌ ክርክር

በኦሮምኛ ኦዳ ማለት ሾላ ነው፤ ሕግ የሚነገርበት፣ ነገር የሚታይበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዛፍ። በኬንያዋ ሞያሌ ይህን ስም የተሸከመው ስፍራ ዛሬም ክርክር አያጣም። ከግጦሽ፣ ከውኃና ከገበያ ነገር ጎን ለጎን ግን ባለፉት ዓመታት አንድ አዲስ ነገር ከሸንጎው ገብቷል፤ እርሱም ኳስ ነው። ኳስ ሲባል ደግሞ ጨዋታው ብቻ አይደለም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ተሰናበተ የሚለው ወሬ ዘጠና ደቂቃ ከሚፈጀው ግጥሚያ ይልቅ ብዙ ሻይ ያስቀዳል።

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተቀመጠች፣ ለሁለቱም ዋና ከተሞች ጠረፍ የሆነች ከተማ ናት። በወዲያኛው ወገን ባንዲራው ሌላ ነው፤ በወዲህኛው ሌላ። ሰዓቱ ግን አንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ከምሽቱ አንድ ሰዓት» ሲል ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ሳ ሞጃ» ይላል፤ ሁለቱም ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር የጀመሩ ሕዝቦች ናቸውና የጨዋታ ቀጠሮ አይሳሳቱም። የሚሳሳቱት በዓመተ ምሕረቱ ነው። አንዱ 2005 የሚለውን ሌላው 2013 ይለዋል፤ ስለዚህም ታሪክ ሲነሣ ክርክሩ ገና ከቁጥሩ ይጀምራል። እዚህ እንዳይምታታ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይቆጠር።

በዚህች ከተማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊና የጎር ማሂያ ደጋፊ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ፈረሰኞቹ በ1935 የተመሠረቱ፣ ኮጋሎ የሚባለው ጎር ማሂያ ደግሞ በ1968 የተቋቋመ ነው። አንዱ በዕድሜው ይኩራራል፤ ሌላው በ1987 የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤቶች ዋንጫን ወደ ኬንያ በማምጣቱ። በዚህ ላይ የሚነሣው ሙግት የቆየና የታወቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ደጋፊዎች አንድ ጊዜ የእነርሱ የነበረ አሰልጣኝ በሌላ ቤት ሲባረር ለምን እንደ ገዛ ራሳቸው ነገር አድርገው ይከራከራሉ? ሰውየው ከሄደ ቆይቷል። ደሞዙን የሚከፍለው ሌላ ነው፤ ያባረረውም ሌላ። ነገር ግን ወሬው በተሰማ ማግሥት አንዱ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሲነሣ ሌላው «በደሉት» ብሎ ይቆማል።

ለዚህ ሁለት ሰዎች ከማንም ይልቅ ጥሩ ምስክር ናቸው። አንደኛው ሰርቢያዊው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች ነው፤ መላው ምሥራቅ አፍሪካ ሚቾ ብሎ የሚጠራው። ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ቦቢ ዊሊያምሰን። በኤፕሪል 2013፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለቱም ከሥራ ተሰናበቱ። ሚቾን ያሰናበተችው ሩዋንዳ ነበረች፤ ብሔራዊ ቡድኗ በማርች በኪጋሊ በማሊ 2 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ። ዊሊያምሰንን ያሰናበተችው ኡጋንዳ ነች፤ ክሬንስ የተባለው ቡድኗ በዚያው ሰሞን በሞንሮቪያ በላይቤሪያ 2 ለ 0 ተረትቶ ስለ ነበር። ከዚያ የሆነው ለጨዋታ አዋቂ ሁሉ የሚጣፍጥ ነው። በሜይ ወር ሚቾ ዊሊያምሰን ከተነሣበት የኡጋንዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዊሊያምሰን ደግሞ ከካምፓላ ወደ ናይሮቢ ወርዶ ጎር ማሂያን ያዘ። በሞያሌ ሲታይ እንግዲህ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ የቀድሞ አሰልጣኙን በኡጋንዳ አየ፤ የጎር ማሂያ ደጋፊም ኡጋንዳ የጣለችውን ሰው የራሱ አደረገ።

ሚቾ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አልነበረም። ከኡጋንዳው ኤስ ሲ ቪላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሰለጠነ፣ ሄዶም የተመለሰ፣ ዋንጫም ያነሣ ሰው ነው። የእርሱን ዘመን የሚያወድሱ ደጋፊዎች የሊጉን መዝገብ ይጠቅሳሉ። ክለቡ በ2005፣ በ2006፣ ከዚያም በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ሻምፒዮን ሆኗል። መዝገቡ ግን ሌላም ገጽ አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዚያ በፊት በ2002 እና በ2003 ዋንጫ ወስዷል፤ ከዚያም በኋላ በ2012፣ ቀጥሎም ከ2014 እስከ 2017 በተከታታይ አራት ጊዜ ወስዷል። ሻምፒዮን የሚያደርገው አሰልጣኙ ነው ወይስ ክለቡ? ሚቾ በሩዋንዳ ሲባረር የሞያሌ ክርክር የዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። አሰልጣኙ ትልቅ ከሆነ በኪጋሊ ለምን ወደቀ? ክለቡ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ማንም ቢይዘው ያሸንፍ ነበርና ለአሰልጣኝ የሚነገረው ውዳሴ ሁሉ ለምን?

ሁለቱም ወገን ከግማሽ እውነት በላይ አልያዘም። የክለብ አሰልጣኝ በየቀኑ ከተጫዋቾቹ ጋር ይውላል፤ የጎደለውን ሊገዛ ይችላል፤ ስሕተቱን በሚቀጥለው እሑድ ያርማል። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገኛቸውን ልጆች ይዞ፣ አገሪቱ ያፈራችውን ያህል ብቻ ይዞ፣ በሁለት መጥፎ ምሽቶች ይፈረድበታል። በአዲስ አበባ የተገኘን ዋንጫ ከኪጋሊ ሽንፈት ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ጤፍን ከጨው ጋር በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው።

የዊሊያምሰን ነገር ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። ሰውየው በ1997 ኪልማርኖክን ይዞ የስኮትላንድን ዋንጫ ያነሣ፣ ከዚያም ሂበርኒያንንና የእንግሊዙን ፕሊማውዝ አርጋይልን ያሰለጠነ ነው። በ2008 ኡጋንዳን ያዘ። በእርሱ ዘመን ኡጋንዳ የሴካፋን ዋንጫ አራት ጊዜ፣ የ2008ን፣ የ2009ን፣ የ2011ን እና የ2012ን፣ ወሰደች። ለአካባቢው ቡድን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የካምፓላ ሰው ግን የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ኡጋንዳ በ1978 ለፍጻሜ ደርሳ ከተሸነፈችበት ውድድር ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ ደጃፍ አልረገጠችም።

ዊሊያምሰን ደግሞ ከደጃፉ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በኦክቶበር 2011 በናምቦሌ ስታዲየም ማሸነፍ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ባዶ ለባዶ ወጣ። ያን ቀን መንገዱን የዘጋበት ማን ነበር? ኬንያ! ራሱ ኋላ የሚያሰለጥነው ቡድን። በዓመቱ በኦክቶበር 2012 ደግሞ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተገናኘ። በንዶላ 1 ለ 0 ተሸንፎ በካምፓላ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በመለያ ምት ግን 9 ለ 8 ተረታ። አንድ ግብና አንድ የፍፁም ቅጣት ምት። ያቺ አንዲት ምት መረብ ብትነካ ኖሮ በኤፕሪል 2013 ማንም ስሙን በክፉ አያነሣም ነበር፤ ምናልባት በካምፓላ መንገድ በስሙ በተሰየመለት።

በናይሮቢ የሆነውን እንይ። ጎር ማሂያ ከ1995 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አላነሣም። በ2012 ክሮኤሺያዊው ዝድራቭኮ ሎጋሩሲች ይዞት ለጥቂት አምልጦት ዋንጫውን ተስከር ወሰደው። በ2013 አጋማሽ ሎጋሩሲች ሄዶ ዊሊያምሰን መጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም ኮጋሎ ከ18 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ያ ዓመት ለሞያሌ የደስታ ዓመት አልነበረም። በዲሴምበር 2013 ከተማይቱ በጎሳ ግጭት ተናውጣ፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ብዙ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዷል። ስለ ኳስ መከራከር ሰላም ያለው ሰው ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ ሲረግብ ጥያቄው ተመለሰ፤ የ2013ቱ ዋንጫ የማን ነው? አንዱ ወገን ዘሪው ሎጋሩሲች ነው፣ ዊሊያምሰን ያጨደው የሰውን አዝመራ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አዝመራ ሳይሰበሰብ ዝናብ የሚያበላሸው ስንት ጊዜ ነው ብሎ ይመልሳል። ዊሊያምሰን በኦገስት 2014 ጎርን ትቶ የኬንያን ብሔራዊ ቡድን ያዘ፤ ተተኪው ፍራንክ ናታል የ2014ን ዋንጫ አነሣ፤ በ2015ም ኮጋሎ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። የናታል ዋንጫስ የማን ሊባል ነው? የሎጋሩሲችን ድርሻ የተከራከሩለት ሰዎች አሁን በዚያው ሕግ የናታልን ዋንጫ ለዊሊያምሰን ሊሰጡ ይገባ ነበር። አላደረጉትም። ደጋፊ ሕግ የሚያወጣው ለአንድ ቀን ክርክር ብቻ ነው።

ይህ የምሥራቅ አፍሪካ ጠባይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ብራያን ክላፍ በ1973 ከደርቢ ካውንቲ ኃላፊዎች ጋር ተጣልቶ ሥራውን ሲለቅ የደርቢ ደጋፊዎች ይመለስልን ብለው ተቃውሞ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሊድስ ዩናይትድ ቀጠረውና በ44 ቀኑ አሰናበተው። የደርቢ ኃላፊዎች ያን ቀን እውነት ነበረን ብለው ከሆነ ደስታቸው አልቆየም። ክላፍ ወደ ጎረቤት ኖቲንግሃም ፎረስት ሄዶ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ሻምፒዮኖች ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ። የኛው ዘመን ሰው ጆዜ ሞሪንሆም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 2018 ከማንቸስተር ዩናይትድ ሲባረር በሞያሌ የዲኤስቲቪ ቤቶች በብርቱ የተከራከሩበት የዩናይትድ ደጋፊዎች ብቻ አልነበሩም፤ በ2015 ራሳቸው ያባረሩት የቼልሲ ደጋፊዎችም ነበሩ። ዩናይትድ ሲያባርረው የቼልሲው ደጋፊ የሦስት ዓመት ጸጸቱ የተነሣለት መሰለው። የሌላው ክለብ ፍርድ ለራሱ ፍርድ የይግባኝ ማጽኛ ሆኖ ታየው።

የነገሩ ሥር እዚህ ይመስላል። ደጋፊ አሰልጣኝ ሲሄድ በልቡ ይፈርዳል፤ ወይ «በመሄዱ ተጎዳን» ይላል፣ ወይ «ተገላገልን»። ፍርዱን የሚያረጋግጥለት ግን የለም፤ ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም አያይም። ስለዚህ ሰውየው ቀጥሎ በሄደበት የሚሆነውን እየተከታተለ ከዚያ ማስረጃ ይለቅማል። ሚቾ በኪጋሊ ሲወድቅ በአዲስ አበባ «ተገላገልን» ያለው ሰው አሸነፈ፤ በካምፓላ ሲነሣ ደግሞ «ተጎዳን» ያለው።

በቦረና ምድር ሥልጣን በዚህ መልክ አይታይም። አባ ገዳው የሚመራው ስምንት ዓመት ነው፤ ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ማንም አያሳጥረውም፣ እርሱም አያስረዝመውም። በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው በጉሚ ጋዮ ሕዝቡ ሕጉንና የመሪዎቹን ሥራ ይመረምራል። ጥፋት የተገኘበትን የማውረድ ሥልጣን አለው፤ ግን በጉባኤ ፊት፣ በቃልና በምስክር ነው። የእግር ኳስ አሰልጣኝ ይህ ዕድል የለውም። ውሉ ሁለት ዓመት ቢልም ዕድሜው እስከሚቀጥለው ሽንፈት ነው፤ ክሱንም የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከሬዲዮ ነው። ከኦዳ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ የፌዴሬሽኖችን የስንብት ደብዳቤ ቢያነቡለት ነገሩ ሳይታይ ተፈረደ ማለቱ አይቀርም።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለችም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዋሊያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱ ናቸው። በኦክቶበር 2012 በካርቱም 5 ለ 3 የተሸነፈውን ቡድን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አስመልሰው ሱዳንን አሸንፈው ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰዱት። በ2013 መጨረሻ ለዓለም ዋንጫ በቀረው አንድ እርምጃ ከናይጄሪያ ጋር ተጋጠሙ። በፌብሩዋሪ 2014 ግን፣ በቻን ውድድር ሦስቱም ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ፣ ተሰናበቱ። ተተኪው ፖርቹጋላዊ ማሪያኖ ባሬቶም ከዓመት ብዙም ሳይርቁ በ2015 ተሰናበቱ። የ31 ዓመት ጥም ያረካ ሰው የሦስት ጨዋታ ዕዳ መሸከም አልቻለም።

ከዚያ 2015 መጣ፤ ለሞያሌ ተከራካሪ ከዚህ የበለጠ ዓመት አልነበረም። በጁን ወር በቻን ማጣሪያ ኢትዮጵያና ኬንያ ተገናኙ። ዊሊያምሰን የኬንያን ቡድን ይዞ ባሕር ዳር ወረደ፤ በአሰልጣኝ ዮሐንስ ሣህሌ የሚመሩት ዋሊያዎች 2 ለ 0 አሸነፉት። በናይሮቢ በተደረገው መልስ ባዶ ለባዶ ወጡና ኢትዮጵያ አለፈች። በዚያው ሰሞን ዛንዚባር ላይ የሚቾ ኡጋንዳ ታንዛኒያን 3 ለ 0 ረታች፤ የታንዛኒያው አሰልጣኝ ማርት ኖይም ወዲያው ተሰናበተ። ኖይ ማን ነበር ቢባል፣ ታንዛኒያን ከመያዙ በፊት ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሰለጠነ ሆላንዳዊ ነው። የፈረሰኞቹ ደጋፊ እንግዲህ አንዱ የቀድሞ አሰልጣኙ ሌላውን የቀድሞ አሰልጣኙን ከእንጀራው ሲያፈናቅል አየ። ለማን ያዝን? ለማን ይደሰት?

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሴካፋ ውድድር በኢትዮጵያ ተካሄደ። ሚቾም ወደሚያውቀው አገር፣ ወደሚያውቀው ሕዝብ፣ የሌላ አገር ቡድን ይዞ ተመለሰ። በግማሽ ፍጻሜው ኡጋንዳና ኢትዮጵያ ተገናኙ፤ ግብ ሳይቆጠር አልቆ በመለያ ምት ኡጋንዳ አለፈች። አስተናጋጅዋን ከዋንጫው ያስወጣት የራሷ ሊግ ያስተዋወቀው አሰልጣኝ ነበር። በሩብ ፍጻሜው ደግሞ የዊሊያምሰን ኬንያ በሩዋንዳ ተረትታ ወጥታ ነበር፤ ያውም በመለያ ምት። እነሆ ለፍጻሜ የቀረቡት ኡጋንዳና ሩዋንዳ፤ ሚቾና ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ያባረረችው አገር። ኡጋንዳ 1 ለ 0 አሸነፈች። ደራሲ ቢጽፈው አንባቢው አልዋጥልህ የሚለው ዓይነት ታሪክ ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 የኬንያ ፌዴሬሽን አዲስ ፕሬዚዳንት ኒክ ምዌንድዋን መረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ዊሊያምሰን ተሰናበተ። በኦዳ የጎር ማሂያ ደጋፊዎች ለሁለት ተከፈሉ። ዋንጫ ያመጣልን ሰው ነው፣ ችግሩ ፌዴሬሽኑ ነው ያሉ አሉ። ለጎር የተሰበሰበ ቡድን አገኘ እንጂ ራሱ መሥራት አይችልም ብለን ነበር ያሉም አሉ። ይህን ክርክር ሲሰሙ ግን አንድ ነገር ከመዝገቡ መውጣት የለበትም። በኖቬምበር 2015 ኬንያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴን በናይሮቢ 1 ለ 0 አሸንፋ ነበር። ለመልሱ ጨዋታ ወደ ፕራያ የሚወስደው አውሮፕላን በክፍያ ጉዳይ ዘግይቶ ቡድኑ የደረሰው ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ብቻ ሲቀሩት ነው። አህጉር አቋርጦ፣ ሳያርፍ፣ ወደ ሜዳ የገባው ቡድን 2 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ሽንፈት በአሰልጣኙ ስም መጻፍ ጨርሶ ፍትሕ አይደለም። ከእርሱ በፊት የነበረው አደል አምሩሽም በ2013 የሴካፋን ዋንጫ ለኬንያ አምጥቶ በዓመቱ በሌሶቶ ምክንያት ተባርሯል፤ ስንብቱ ግን ለፌዴሬሽኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ካሣ አስከትሎ ለዓመታት የፊፋ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። የማባረር ዋጋ የሚከፈለው ደጋፊው ከረሳው በኋላ ነው።

ሚቾ በአንጻሩ በሴፕቴምበር 2016 የዊሊያምሰንን ሁለት ምሽቶች ተሻገረ። በካምፓላ ኮሞሮስን 1 ለ 0 አሸንፎ ኡጋንዳን ከ38 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አሳለፈ። በረኛው ዴኒስ ኦኒያንጎ ነበር፤ ወጣት ሳለ በቅዱስ ጊዮርጊስ ግብ ላይ የቆመ፣ ኋላም የ2016 በአፍሪካ ውስጥ ከሚጫወቱት ሁሉ ምርጡ ተብሎ የተሸለመ። ፈረሰኞቹ በዚያ ቀን የራሳቸው ድርሻ አለን ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል? ነገር ግን ይህም ድል ጠርዝ ላይ የቆመ ነበር። ኡጋንዳ ከምድቧ አንደኛ የሆነችው አይደለችም፤ በነጥብ እኩል ከሆነችው ከቡርኪና ፋሶ ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ከምርጥ ሁለተኞች አንዷ በመሆን ነው ያለፈችው። ለዊሊያምሰን ያልሠራው ጠባብ በር ለሚቾ ተከፈተ። ካምፓላ በ2013 የወሰደችው ውሳኔ ትክክል ነበር የሚለው ወገን ይህን ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ውጤቱ እውነት ነው። ግን አንድ የተሳተች የመለያ ምትና አንድ የተሻለ የነጥብ ስሌት የሁለት ሰዎችን የሥራ ታሪክ ለመለየት ይበቃሉ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ሚቾ የተረከበውም ባዶ ቤት አልነበረም፤ አራት የሴካፋ ዋንጫ ያነሣ፣ ማሸነፍ የለመደ ቡድን ነው የተረከበው። የሎጋሩሲችን አዝመራ ያነሡ የኮጋሎ ሰዎች ይህን ቢያነሡ ያምርባቸዋል።

በጋቦን ኡጋንዳ በጋናና በግብፅ 1 ለ 0 እየተሸነፈች ከማሊ 1 ለ 1 ተለያይታ ተመለሰች። በጁላይ 2017 ሚቾ ሥራውን ለቀቀ፤ ያን ጊዜ ያባረረው ግን ማንም አልነበረም፤ ደሞዙ ስላልተከፈለው ነው የሄደው። የ38 ዓመት ሕልም የፈታ ሰው በውዝፍ ደሞዝ ሲሰናበት ማየት ስለ አካባቢያችን እግር ኳስ ከማንኛውም ሽንፈት በላይ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ኦርላንዶ ፓይሬትስን ይዞ ሁለት ጊዜ በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ በ2019 ወደ ካይሮ ሄዶ ከዛማሌክ ጋር የግብፅን ዋንጫ በሴፕቴምበር አነሣ፤ በዲሴምበር መግቢያ ተባረረ። ዋንጫ ካነሣ ሦስት ወር አልሞላውም። ዛምቢያን በ2020 ይዞ በጁላይ 2021 ተለያየ፤ በዚያው ወር ኡጋንዳ መልሳ ወሰደችው። ደጋፊዎች ይህን ሁሉ እንደ ውጤት መዝገብ ብቻ ሲያነቡ ከቆዩ በኋላ ግን ከሜዳ ውጭ የሆነ ነገር መጣ። በዲሴምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት፣ ሚቾ የዛምቢያ አሰልጣኝ በነበረበት ወቅት በአንዲት ሴት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የታገደ የሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት። የኡጋንዳ ፌዴሬሽን በሥራው አቆየው። ያሰናበተው በሴፕቴምበር 2023፣ ቡድኑ በአይቮሪ ኮስት ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሳያልፍ ከቀረ በኋላ ነው። በፍርድ ቤት ውሳኔ ያልተነቃነቀ ወንበር በማጣሪያ ሰንጠረዥ ተገለበጠ። በቀድሞ አሰልጣኝ ስም የሚኩራራ ደጋፊ ሰውየውን የሚመዝነው በምኑ እንደ ሆነ ይህ ነገር ራሱን እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይገባል፤ «የእኛ ነበር» የሚለው ቃል ዋንጫውን ብቻ መርጦ የሚወስድ ከሆነ ክርክሩ ከመጀመሪያውም ስለ ሰውየው አልነበረም።

በሞያሌ አሁን በድንበሩ ላይ በዲሴምበር 2020 የተመረቀው የጋራ መተላለፊያ ጣቢያ አለ፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ወሬ ያመላልሳሉ። ሚቾ በተነሣበት የኡጋንዳ ወንበር በኖቬምበር 2023 ማን ተቀመጠ የሚለው ወሬ ሲደርስ ክርክሩ ከፈረሰኞቹ ወገን ተነሥቶ ወደ ኬንያ ወገን ተሻገረ። አዲሱ ሰው ቤልጂጋዊው ፖል ፑት ነበር። ኬንያ በኖቬምበር 2017 ቀጥራው፣ በዲሴምበር የሴካፋን ዋንጫ አምጥቶላት፣ በፌብሩዋሪ 2018 ሥራውን ለቅቆላት ሄዷል። ፑት ኡጋንዳን ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈ። ኬንያ በዚያው ማጣሪያ ወደቀች።